አልይዝ ያለው ጥግ

ጥር 14፣ ረቡዕ

ቅዳሜ ሶሌታ እንሞላለን። እኔ ከአሁኑ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር ብሎ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ ጃርሶ ያንኮራፋል። ሃያ ዓመት የሰው ቤት ጣራ በአርማታ ሲሞላ የኖረ ሰው፣ የራሱ ሲደርስ ትንሽ እንኳ አይጨነቅም? ፉንዲ፣ ግንበኛ ማለት ነው፣ ያገባች ሴት የቤት ችግር የለባትም ይሉኛል ጎረቤቶቼ። ዕድሜዬን በኪራይ ቤት መጨረሴን እያዩ ነው የሚሉኝ።

ይህን ደብተር በአማርኛ የምጽፈው አባቴ በስደተኛ ካምፕ ውስጥ ፊደል ስላስቆጠረኝ ብቻ አይደለም። በዚህ ቤት አማርኛ የሚያነብ ሌላ ሰው ስለሌለም ነው። ጃርሶ እንደ ልቡ ይናገረዋል፣ ማንበቡ ላይ ግን ሰነፍ ነው። ተማሪዎቼን ኬሚስትሪ የማስተምራቸው በእንግሊዝኛ ነው፤ ገበያ የምከራከረው በስዋሂሊ፣ ከአማቴ ጋር የምነታረከው በኦሮምኛ። ለፍርሃቴ የቀረኝ አማርኛ ነው።

ሞያሌ ዳር፣ ሄሉ በሚባለው ሰፈር የቆመው ቤታችን ሁለት ክፍል አለው፣ የፊትና የኋላ። ጃርሶ ቆርቆሮ ይበቃል ሲል አርማታ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ከላዩ የውሃ ታንከር እንዲቀመጥበት፣ ጀሪካን ይዞ መሰለፍ እንዲቀርልኝ ብዬ። አሁን የሚያሳስበኝም ውሃው ነው። የሄሉ ጉድጓድ ጨዋማ ነው፤ ጃርሶ ትናንት በእጁ ጨልፎ ቀመሰና ተፋው። ሥራ ያስተማሩት ሽማግሌ አንተ የማትጠጣውን ለሲሚንቶ አታጠጣ ብለውታል፣ እሱም ይህን እንደ ጸሎት ይዞታል። ስለዚህ ቦቴ መኪና ጥሩ ውሃ ሁለት ጊዜ ያመላልሳል። ሲሚንቶው ከሱፊያን መደብር ገብቷል። ሶሌታውን የሚደግፈውን እንጨት ሌላው ፉንዲ ጋልጋሎ አከራይቶናል።

አማቴ፣ የጃርሶ እናት አኮ ጡሪ፣ ዛሬ ሄደው የታሰረውን ፌሮ አዩና አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «አኒ ዸጋ ጀላ ህንራፉ።» ድንጋይ ስር አልተኛም ማለታቸው ነው። ጃርሶ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ስድስት ሰዓት። ቦቴው አንዴ መጥቷል። ንፋሱ አቧራ ይዞ ይነፍሳል። እጄ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ሰማያዊውን በርሜል ሞልቼ ለሠራተኞቹ ሎሚና ስኳር በጥብጬበታለሁ፤ በእኛ ሰፈር ሶሌታ ለሚሞላ ሰው ባዶ ውሃ አይቀርብለትም። እየቀመስኩ ስኳር ጨመርኩ። እየጠሩኝ ነው።

ማታ። ተሞላ፣ ተመስገን።

ሁለተኛው ቦቴ ቡቲዬ መንደር አጠገብ ተበላሽቶ ቀረ። ከፊት ክፍል ጀምረው ወደ ኋላ ሲመጡ ውሃ አለቀባቸው። ምግቡን ላመጣ ወደ ኪራይ ቤታችን ስሄድ የኋላው ክፍል አንድ ጥግ ብቻ ቀርቶ፣ ጃርሶ በስልክ ሾፌሩ ላይ ይጮህ ነበር። አርማታ ተጀምሮ መሃል ላይ አይቆምም፤ ከቆመ መገጣጠሚያው ይሰነጠቃል። ስመለስ ግን ጥጉ ተሞልቷል፣ ሰዎቹም እጃቸውን በአሸዋ እያሹ ይሳሳቃሉ። እንዴት እንዳደረሱት እንጃ። በርሜሌም ባዶ ሆኗል፤ ስሄድ ከግማሽ በላይ ነበረው። እንዲህ ወደዱልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ጥር 18፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ሄሉ። የፊቱ ጠንክሯል። ጃርሶ ጆንያ አልብሶ ውሃ ያጠጣዋል። የኋላው ጥግ ግን ጣቴን ስጭንበት ገባ። መጨረሻ የተሞላው እሱ ስለሆነ ነው፣ ይደርሳል አለኝ። ጣቴን በቀሚሴ ጠረግሁ።

ጥር 19፣ ሰኞ

በእረፍት ሰዓት። ጃርሶ ደወለ። ጥጉ አሁንም እንደዚያው ነው። ሚስማር ያለ መዶሻ ይገባል አለኝ። ደወል ተደወለ፣ ክፍል ልግባ።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ሰው ሲሚንቶ ደረቀ ይላል። አይደርቅም። ለተማሪዎቼ ከዓመት ዓመት የምነግራቸው ይህንን ነው፣ ዛሬ ለራሴ ልንገር።

ጆንያው ውስጥ ያለው ዱቄት ተቃጥሎ የተፈጨ ድንጋይ ነው፣ የተጠማ። ውሃ ሲያገኝ ማዕድኑ ከላይ ከላዩ እየሟሟ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ውሃውም በካልሲየም ይከብዳል። ከዚያ ዝም ይላል። ለጥቂት ሰዓት ምንም የሚሆን ነገር ያለ አይመስልም፤ ፉንዲዎች የሚያፈሱትና የሚያስተካክሉት በዚህ ዝምታ መሃል ነው። ዝምታው ሲያበቃ ውሃውና የሟሟው ማዕድን ተጣምረው ሌላ ነገር ይወልዳሉ፣ ሃይድሬት የምንለውን። ከየቅንጣቱ ላይ እንደ ፀጉር ይበቅላል፣ ከጎረቤቱ ፀጉር ጋር ይጠላለፋል። ድንጋይ የሚያደርገው ይህ መጠላለፍ ነው። ውሃው ተንኖ አልሄደም፤ ድንጋዩ ውስጥ ገብቷል። አርማታ ውሃ የሚጠጣውም ለዚህ ነው፣ እንዲያድግ።

የእኛ ጥግ ገና ዝምታው ውስጥ ነው።

ዝምታውን የሚያስረዝመው ምንድን ነው? ብርድ፤ ሞያሌ ላይ በጥር ምን ብርድ አለ። እርጥበት የመታው ሲሚንቶ፤ የፊቱ ክፍል ከዚያው ጭነት አይደለም ወይ? አሸዋ ውስጥ የገባ ፍግ፤ ሊሆን ይችላል፣ ፍየሎች አልፈውበታል። ሌላም አለ። ደክሞኛል፣ እዚህ ላይ ላቁም።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ጃርሶ ምንጣፉን ይዞ ሄደ። ከጎረቤት ግንባታ ሳንቃ ተሰርቋል፤ የጋልጋሎን እንጨት ካልጠበቅሁ በምን ዓይኔ አየዋለሁ አለ። እሺ፣ ይጠብቅ። ግን የት ይተኛል? ንፋስ አይገባበትም ብሎ የኋላው ክፍል ውስጥ፣ ልክ ከዚያ ጥግ ስር። ፊት ክፍል ተኛ ብዬ ለመንኩት። እንጨቱ ይዞታል፣ ምን ይሆናል አለኝ። እንጨቱ ሁሉን ይዞታል እንበል። ከበላዩ ያለው ስንት ኪሎ እንደሆነ በወረቀት ሠራሁና ወረቀቱን ቀደድኩት።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ጥጉ ዛሬ እንደ ሳሙና ነው። ጥፍር ይቧጥጠዋል።

አኮ ጡሪ ድንጋይ ስር አልተኛም ብለው ሲያበቁ፣ ቀን ቀን ጥላው ቀዝቃዛ ነው ብለው በርጩማቸውን ይዘው እዚያው ይቀመጣሉ። ባሌ ሌሊት፣ አማቴ ቀን። እኔ ትምህርት ቤት ቆሜ ስልኬ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጠመኔውን አስቀምጬ ማን እንደደወለ አያለሁ።

ገበያ ላይ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች በስዋሂሊ ሲያወሩ ሰማሁ። ሱፊያን ሲሚንቶውን በአመድ እየደባለቀ ይሸጣል፣ የፉንዲው ቤት አልይዝ አለ ይላሉ። ወሬው የወጣው ከጋልጋሎ ነው። ጃርሶ እንዲህ አላለም፤ ግን ጋልጋሎ ፊቱ ሲናገር አይደለም ብሎ አላቋረጠውም።

ከሰዓት በኋላ ሱፊያን ራሳቸው መጡ። ከኢትዮጵያ በኩል መጥተው ከሃያ ዓመት በላይ እዚህ የነገዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው። ልጃቸው ረምዚያ ተማሪዬ ናት። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አስቀመጡ። ከእኛው ጭነት የተረፈውን ሲሚንቶ በቆርቆሮ ውስጥ አቡክተው ነው፤ አለት ሆኗል። ከጠረጴዛው ጋር አጋጨሁት፣ ጮኸ። «ምዋሊሙ፣ አንቺ መምህር ነሽ፣ ይሄን ነገር ታውቂዋለሽ» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ።

ድንጋዩ መስኮቱ ላይ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼው እጽፋለሁ።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ላቦራቶሪ ውስጥ ሁለት ኩባያ ሲሚንቶ አቦካሁ። አንዱን በቦቴ ውሃ። ሁለተኛውንም በቦቴ ውሃ፣ ከቤት ይዤው የሄድኩትን ትንሽ ነገር ጨምሬ። ለተማሪዎቹ የሲሚንቶ ትምህርት ነው አልኳቸው። ረምዚያ ፊት ወንበር ላይ ናት፣ ሁልጊዜ እንደምትቀመጠው። በሁለተኛው ውስጥ ምን አለ መምህር አለችኝ። ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ አልኳት።

ጥር 28፣ ረቡዕ

አንዱ ኩባያ ድንጋይ ሆኗል። ሁለተኛው ሲዘቀዘቅ ይፈስሳል።

ስኳር ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ለአንድ ጆንያ ሲሚንቶ አንድ ጭብጥ እንኳ ብዙ ነው። ፀጉሩ ሊበቅል ሲጀምር ስኳሩ ላዩ ላይ ይለጠፍና ያፍነዋል። መጠኑ ትንሽ ከሆነ ስኳሩ ውሎ አድሮ ተይዞ ያልቃል፣ ፀጉሩም ዘግይቶ ይበቅላል፤ እንዲያውም ጥሩ ሆኖ ሊበቅል ይችላል። ብዙ ከሆነ ግን ዱቄትና ጠጠር ሆኖ ይቀራል፣ ከላይ ሲያዩት አርማታ የሚመስል። ስንት ኪሎ ጨመርኩ? አላውቅም። ተማሪ ጨው ሳይመዝን ውሃ ላይ ሲነሰንስ እጁን የምመታ ሰው፣ ስኳሩን እየቀመስኩ ነበር የጨመርኩት።

ከሠራተኞቹ አንዱን መንገድ ላይ አግኝቼ መጠጡ በቅቷችሁ ነበር ወይ አልኩት። አንድ አንድ ኩባያ ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥሽ እማማ አለኝ። አንድ አንድ ኩባያ።

ለጃርሶ ዛሬ ልነግረው ነበር። ጋልጋሎ አብሮት ተቀምጦ ስለነበር ተውኩት። ነገ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

አልነገርኩትም። ሐሙስ ራሱን አሞት ነበር። ዓርብ እኔን።

ጋልጋሎ እንጨቱን ቶሎ እንድንመልስለት ይፈልጋል፣ ኡራን ላይ የትምህርት ቤት ግንባታ ይዟል። ሶሌታውን ተሸክመው የቆሙትን ቋሚ እንጨቶች፣ ጃርሶ ፑንቴሎ የሚላቸውን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከፊት ክፍል መንቀል እንጀምራለን፣ ከዚያ የኋላውን ተባብለዋል። ጃርሶ እሺ ያለው አንገቱን ደፍቶ ነው።

ትናንት ከስግደት በኋላ ወጣቶች ሱፊያን መደብር ፊት ተሰብስበው ነበር አሉ። አንዱ የወረወረው ድንጋይ መብራቱን ሰብሮታል። መደብሩ ዛሬ ተዘግቷል። ይህች ከተማ በትንሽ ነገር ስትቃጠል አይቻለሁ፤ ያኔም የተጀመረው በእንዲህ ያለ ወሬ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ቁልፉን ሳየው አንድ ሴትዮ ይበለው፣ ሰው ሊገድል ነበር አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ለምን ነቀነቅሁ? እርጉም ነኝ።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ረምዚያ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ወንበሯ ባዶ ነው።

ጃርሶ ለቁርስ ሲመጣ ግንባሩና ቅንድቡ ላይ ነጭ ዱቄት ነበር። ምንድን ነው አልኩት። ከላይ የረገፈ ነው አለኝ፣ እየበላ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ነገርኩት።

ከትምህርት ቤት በቦዳ ሞተር ሳይክል ወደ ሄሉ ሄድኩ። አኮ ጡሪን በመጀመሪያ ከውስጥ አስወጥቼ ውጭ ግድግዳው ጥላ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ አጉረመረሙብኝ። ጃርሶ ምንጣፉ ላይ ሆኖ ሚስማር ያቃናል። ከራሱ በላይ ያ ጥግ ነው። ከእንጨቶቹ መሃል አጎንብሼ ገባሁ።

«ሰማያዊውን በርሜል ማን ጨረሰው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ። አርማታው ውስጥ ጨመርኩት። የጉድጓዱ ጨው ነው፤ የአንቺው የሚጠጣ ነው።»

ይኸው ነው። ሽማግሌው ያስተማሩትን ሕግ አክብሮ፣ ጨዋማውን ውሃ ንቆ፣ የሚጠጣውን ለሲሚንቶ አጠጣ። በዚያ ቀን ከሁሉም የተሻለ ንጹሕ ውሃ የመሰለው የእኔ በርሜል ነበር። ስኳር ሲሚንቶን ምን እንደሚያደርገው በአጭሩ ነገርኩት። የላቦራቶሪውን ኩባያም ነገርኩት። እጁ ላይ ያለውን ሚስማር ማቃናቱን አላቆመም፤ ሚስማሩ ቀጥ ካለ ቆይቷል፣ እሱ ግን ይመታዋል።

መቼ አወቅሽ አለኝ። ረቡዕ አልኩት። የትኛው ረቡዕ እንደሆነ አልነገርኩትም።

ከዚያ ለመንኩት። ጥጉ ይፍረስ፣ አንተም ዛሬውኑ ከዚህ ስር ውጣ አልኩት። እያለቀስኩ ነበር። ጃርሶ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ብዙዬ፣ ይሄ ጥግ እንዳልያዘ በሁለተኛው ቀን አውቄያለሁ። በየጠዋቱ አንኳኳዋለሁ፣ ድምፁ የሞተ ነው። ሲሚንቶው ነው፣ አሸዋው ነው እያልኩ እንጂ ምክንያቱ አልገባኝም። እኔ ካልተኛሁበት ግን አንቺንና እናቴን እንዴት አስተኛችኋለሁ?»

ስለዚህ ሌባ አልነበረም። እንጨትም አልነበረም። እኔ ከእሱ ደብቄ፣ እሱ ከእኔ ደብቆ፣ መሃል ላይ ሱፊያን ተሰበሩ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

አብረን ሄድን። የሱፊያን መደብር በግማሽ ተከፍቷል። ጃርሶ ከሰላምታ በኋላ ወዲያው ተናገረ፣ በሩ ላይ የቆሙት እንዲሰሙ ጮክ ብሎ፣ በኦሮምኛ መጀመሪያ፣ ከዚያ በስዋሂሊ። ሲሚንቶው ጥሩ ነበር፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አለ። የእኔን ስም አላነሳም። እኔ ጨመርኩበት፤ በርሜሉ የእኔ ነው፣ ስኳሩን የበጠበጥኩት እኔ ነኝ አልኩ።

ሱፊያን እስክንጨርስ ሰሙን። ዓይናቸው የተሰበረው መብራት ላይ ነበር።

«ምዋሊሙ፣» አሉኝ፣ «ስኳሩንም የገዛሽው ከእኔ ነው።»

አልሳቁም። እኔም መሳቅ ይኑርብኝ ማልቀስ አላወቅሁም። ለጥጉ አሁን ምን እንደሚሻል ጠየቁኝ። ውሃና ጊዜ አልኳቸው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንጨቱ አለመነቀሉ። ስልካቸውን አንስተው ጋልጋሎን ጠሩት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ ወደ ጓዳ ገብተው ነው ያነጋገሩት። ጋልጋሎ ማታ መጥቶ የኋላው ክፍል እንጨት ይቆይ፣ የፊቱን ብቻ እወስዳለሁ አለ። ፊቱን አዙሮ ነው ያለው።

ለጃርሶ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። የአርማታ ጥንካሬ በሚለካበት በሃያ ስምንተኛው ቀን ሚስማር ከገባበት ጥጉ ይፈርሳል። ማለልኝ። ከስሩ ግን አልወጣም።

የካቲት 9፣ እሁድ

ረምዚያ ተመልሳለች። ዓርብ ክፍሉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀርታ፣ ሁለተኛው ኩባያ ስኳር ነበረበት አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት። እርሳሷን ሰብስባ ወጣች። ይቅር ብላኛለች ብዬ አልጽፍም።

ድርቁ ከፍቷል። ከኡራን በኩል የመጡ ከብቶች መንገዱን ሞልተውታል፣ አጥንታቸው ይቆጠራል። እኔ ደግሞ ጠዋትና ማታ ጀሪካን እየተሸከምኩ ጣራ ላይ አፈስሳለሁ። ላስቲክና ጆንያ አልብሰነዋል፣ ንፋሱ እንዳይጠጣብን። ውሃ መቅጃው ጋ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ ስትነግራት ሰማሁ፤ ያቺ ድንጋይ ውሃ የምታጠጣዋ መጣች አለቻት። እውነቷን ነው። ትናንት አንዲት ላም ከጣራው ጠርዝ የሚንጠባጠበውን ግድግዳው ላይ ስትልስ አየሁ። በባልዲ ሰጠኋት። ያን ዕለት ጥጉ አንድ ጊዜ ብቻ ጠጣ፣ ቀኑን ሙሉም ስፈራ ዋልኩ። ለላሟም ፈራሁ፣ ለጃርሶም፤ ለየትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ጥፍር አይቧጥጠውም። ሚስማር በመዶሻ ይገባል። ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየሁ። ጃርሶ ከላይ ብቻ ነው ይላል። ከላይ ብቻ ነው።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ሃያ ስምንተኛው ቀን። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ጃርሶ ሚስማሩን ለእኔ ሰጠኝ፤ አንቺ ምቺው፣ እኔ አዳላለሁ አለ። መሰላሉን ወጣሁ። ጆንያውን ገለጥኩ። መጀመሪያ የመታሁት ጣቴን ነው። ሁለተኛውን ስመታ ሚስማሩ ጎበጠ። ሌላ ቦታ ሞከርኩ፣ ጎበጠ። ልክ ጥጉ ላይ፣ ጎበጠ። ጃርሶ ከታች ሆኖ በመዶሻው ጀርባ አንኳኳው፣ ከዚያ የፊቱን ክፍል አንኳኳ፣ ከዚያ እንደገና ይኼን። ለእኔ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለኝ። ለእሱ ግን ትንሽ የሚለይ ነገር እንዳለ ፊቱ ላይ አየሁ። ጠየቅሁት። አንድ ነው አለ።

መሐላው ተጠበቀ እንበል። ሚስማር አልገባም፣ ስለዚህ አይፈርስም። ላዩ ድንጋይ ሆኗል። ስለ ውስጡ የማውቀው ከመጽሐፍ ነው፣ መጽሐፉ ደግሞ ስንት ስኳር እንደጨመርኩ ይጠይቀኛል።

ይቆይ አልን። አንድ ሳምንት ተጨማሪ እንጨቱ ይቁም፣ ውሃም ይጠጣ።

የካቲት 23፣ እሁድ

ዛሬ ተነቀለ።

ጃርሶ ከበላዩ የአሸዋ ከረጢት ደረደረበት፣ ታንከሩ ሞልቶ ሲቀመጥ ከሚከብደው በላይ እንዲሆን። ሰው ሁሉ ራቅ ብሎ ይቁም አለ። ሱፊያን ጾም ላይ ሆነው መጥተዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል፣ አኮ ጡሪን ክንዳቸውን ይዘው ከመንገድ ማዶ ዛፉ ስር አቆሟቸው። ጋልጋሎም መጥቷል። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ውጪ አለኝ። አልወጣሁም። ሁለታችን ከገባን ማን ይጠራል አለኝ፤ ያኔ እውነቱን ነው ብዬ ወጣሁ።

ከውስጥ መዶሻው ሽብልቅ ሲመታ ይሰማል። ከዚያ እንጨቱ ሲወድቅ። ከዚያ ዝም። በየመሃሉ ያለችው ዝምታ ነበረች የገደለችኝ። ጃርሶ ብዬ እጠራለሁ፣ አለሁ ይላል። እንደገና መዶሻ። እንደገና ጃርሶ። አኮ ጡሪ ከማዶ ሆነው ስሙን ከእኔ ጋር መጥራት ጀመሩ፣ እኔ ስጠራ እሳቸውም።

ወጣ። አቧራ ለብሷል። ጣራው ቆሟል። ጋልጋሎ እንጨቱን ሲሰበስብ በተሰበረው ምትክ አዲስ መብራት ይዤ መጥቻለሁ፣ እኔው እሰቅለዋለሁ ብሎ ለሱፊያን ነገራቸው። እሳቸው እሺ አሉ።

አንድ ነገር ግን አለ። ሊታጠብበት ውሃ ይዤ ስገባ የኋላው ጥግ ላይ አንድ ፑንቴሎ ቀርቷል። ሽብልቁን አላልቶታል እንጂ አልነቀለውም። ይኼስ አልኩት። ልብስ መስቀያ ይሆናል አለኝ። ጋልጋሎ እንጨቱን ሲቆጥር አንድ እንደጎደለ ሳያይ አልቀረም። የቀረውን አስጭኖ ሄደ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ገብተናል። ታንከሩ ከላይ ነው። ከኪራይ ቤት ያወጣነው ዕቃ ሁለት ጋሪ አልሞላም።

አልጋችን የኋላው ክፍል ነው። አኮ ጡሪ ግን ማንም ሳይነግራቸው ቁርበታቸውን የፊቱ ክፍል አነጠፉ። ድንጋይ ስር አልተኛም ያሉትን ጃርሶ ሲያስታውሳቸው፣ ይኼኛው ሌላ ድንጋይ ነው አሉት።

ፑንቴሎው ላይ ጃርሶ ሸሚዙን ይሰቅልበታል፣ እኔ ነጠላዬን። እንግዳ ሲጠይቅ መስቀያ ነው እንላለን። እኔ በየጠዋቱ ነጠላዬን ሳወርድ እንጨቱን በእጄ እነካዋለሁ። ከተንቀሳቀሰ ሶሌታው አልተደገፈበትም ማለት ነው፣ በራሱ ቆሟል። ይንቀሳቀሳል። ይህን ለጃርሶ አልነገርኩትም፤ ይስቅብኛል።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ትናንት ማታ ዝናብ ጀመረ። የዓመቱ የመጀመሪያው ነው። ከተማው ሁሉ ተደስቶ፣ ልጆች እየጮኹ መንገድ ላይ ወጡ። እኔ ከላይ የሚጠራቀመውን ውሃ በሐሳቤ ስመዝን አመሸሁ። ከታንከሩ ጋር፣ ከረጠበው አርማታ ጋር። ጃርሶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቷል፣ ግን አያንኮራፋም። ለካ ወደዚህ ቤት ከገባን ወዲህ አንኮራፍቶ አያውቅም።

ሊነጋጋ ሲል ዝናቡ ቆመ። ነጠላዬን የማወርድ መስዬ ልነሳ ስል አልጋው አጠገቤ ባዶ ነው። ጃርሶ ቀድሞኛል። ጥጉ ጋ ቆሟል፣ እጁ ፑንቴሎው ላይ ነው። ቀስ ብሎ ወዘወዘው። ተንቀሳቀሰ። ትንሽ ቆየና እንደገና ወዘወዘው።

ከዚያ ሸሚዙን ከእንጨቱ ላይ አውርዶ ለበሰ። እኔ የተኛሁ መሰልኩ።